የሴው ዳልሚሮ አወዳደቅ

ከኮልፌ የወጣሁ ዕለት ማን የት እንደቆመ ዛሬም ይታየኛል። ታናሽ እህቴ አስካለ የታክሲውን በር ይዛ ነበር፤ ልትከፍትልኝ ይሁን ልትዘጋብኝ አልታወቀኝም። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙደሲር ከሱቃቸው ደጃፍ፣ ባለቤታቸው ከጀርባቸው። የእድራችን ሴቶች ከአጥሩ ጥግ፣ ጥላው ዘንድ። ልጄ ሰብለ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ወልዳ ነበር። ባሏ መርከበኛ ስለሆነ ብቻዋን ናት።

"ከአራስ ቤት እንዳወጣሻት ተመለሽ፣ አልማዝ" አለችኝ አስካለ። አየር ጤና እስክንደርስ ወደ ኋላ አላየሁም።

የብራዚሉ ጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣዬን ከፍቶ በርበሬውን አወጣና ምንድን ነው ብሎ በእጁ ጠየቀኝ።

"በርበሬ ነዋ" አልኩት በአማርኛ።

አሸተተው። አስነጠሰ፣ ደግሞ አስነጠሰ፤ እንባውን እየጠረገ እለፊ አለኝ።

አገሩ ሰኔ ላይ እንደኛው ክረምት ይበርዳል፤ ዝናቡ ግን የለም። ባቄላቸው ጥቁር ነው፤ በርበሬ ሳያሳዩት ይበሉታል። ሰው ሲደናቀፍ "እኔን" የሚል የለም። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ቃሉ የላቸውም። እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሰው በተንገዳገደ ቁጥር "እኔን!" ማለቴን አልተውኩም። ክርስትናው አልፎ ሰብለ ሥራ ስትገባ ሕፃኗን ማን ይይዛል ተባለና ቀረሁ። አስካለ በደወለች ቁጥር "መቼ ነው?" ትላለች።

ያከራዩን ሰው ሴው ዳልሚሮ ይባላሉ፤ "ሴው" እንደኛ "ጋሽ"፣ "ዶና" ደግሞ "እትዬ" ማለት ነው። ጡረታ የወጡ እግር ኳስ ተጫዋች ናቸው፤ ከላያችን ይኖራሉ። መጀመሪያ የተነጋገርነው በሰብለ አስተርጓሚነት፣ ደረጃው ላይ ነበር።

"ሽንኩርት ማቁላላቱ መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉ።

"ወጡ ሲደርስ።"

"ወጡ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"እየጠሩኝ እንዴት ይደርሳል?"

ሰብለ መተርጎሙን ትታ ሳቀች። ከወጡ ላኩላቸው። ከዚያ ወዲያ እየወረዱ ታሪካቸውን ያወሩልኝ ጀመር፤ እኔም የተሰባበረች ፖርቱጋልኛ ከእሳቸው ለመድኩ።

ያደጉበት ገጠር ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ፎቶውን ሲያሳዩኝ የኛ ሰፈር ሜዳ መሰለኝ። በቀኝ ክንፍ ፈጣን ስለነበሩ ትልቅ ክለብ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ፖርቱጋል፣ ከዚያ ቱርክ። ቱርክ አገር ጥቁር ባቄላ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ጤፍ ፍለጋ የዞርኩትን እኔን አስታወሱኝ። ከጎላቸው ይልቅ የታወቁት ግን በአወዳደቃቸው ነው። ጎል አጠገብ ማንም ሳይነካቸው ይወድቃሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል። "ተዋናዩ" ይሏቸው ነበር። በመጨረሻው ጨዋታቸው የጉልበታቸው ጅማት የእውነት ተበጠሰ። ዳኛው አስመሳይ ብሎ ቢጫ ካርድ አሳያቸው፤ ስታዲየሙ እየሳቀባቸው በቃሬዛ ወጡ። ያ ነበር ስንብታቸው።

"አሁን የሰፈራችን ክለብ የአንጋፋዎች ጨዋታ አዘጋጅቷል" አሉኝ። "ጎል አልመኝም። በእግሬ እየሄድኩ፣ ሳይስቁብኝ ከሜዳ መውጣት ነው የምፈልገው።"

በጨዋታው ቀን ሰብለ ሕፃኗን አዝላ፣ ለአስካለ በቪዲዮ ደውላ ስልኳን ወደ ሜዳው አዞረችላት።

"የቱ ናቸው? ሆዳቸው የገፋው?" አለች አስካለ ከኮልፌ።

"ሁሉም ሆዳቸው ገፍቷል፤ ሰባት ቁጥሩን እዪ" አለቻት ሰብለ።

ሴው ዳልሚሮ ኳሷን ይዘው በመስመሩ ሲነጉዱ ሕዝቡ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። አንዱን አለፉ! ሁለተኛውን አለፉ! ጎሉ ጋ ሲደርሱ በግንባራቸው ተደፉ።

"ተዋናዩ! ተዋናዩ!" ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

"እኔን! እኔን ይድፋኝ!" አልኩ።

በሕይወቴ ሰው ፊት እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ሳላውቀው ነጩን መስመር አልፌ እሮጣለሁ።

ዳኛው ደረሰብኝ። "እመቤት፣ ይውጡ! ይህ ሰው ሲወድቅ ነው የኖረው!"

"የሚያነሳው ቢያጣ ነዋ!" አልኩት፣ በዚያችው በተሰባበረች ፖርቱጋልኛዬ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ዶና አልማዝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማንም አልነካኝም።"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ይነሱ! በእግርዎ መውጣት አልነበር የፈለጉት?"

በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ከዚያ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ እጃቸውን ወደ ዳኛው አነሱ።

"አልነካኝም!" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ራሴ ነኝ የወደቅሁት!"

ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ሴው ዳልሚሮ ቀጥ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ በእግራቸው ወጡ።

ሜዳው መሃል እኔ ቀረሁ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረና ቀይ ካርድ አወጣ።

"ምን አጥፍታ ነው?" ትላለች አስካለ ከስልኩ ውስጥ። "ኧረ ንገሩት፣ ትልቅ ሰው ናት!"

ጋቢዬን አጣፍቼ ወጣሁ።