የእትዬ ዘነቡ ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት አንድ እቅፍ ጤና አዳም ይዛ ባጠገቤ ስታልፍ ሽታው ከእግሬ አቆመኝ፤ እጄም ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ቦታ ላይ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ተቋጥሮ ታስሮልኝ ነበር፤ ስሮጥ ላብ ሲነካው እንደተደለዘ በርበሬ ይሸተኝ ነበር። ቋጠሮው ከቡዳ ዓይን እንዲጠብቀኝ ነው የታሰረው፤ ቡዳዋ ደግሞ እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

ጊዜው ባንዲራችን ላይ ኮከቡ ገና አዲስ የነበረበት ዘመን ነው። ዘመሮ አቅራቢያ ባለችው መንደራችን ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ሁሉ ከእትዬ ዘነቡ እጅ የወጣ ነበር፤ ግን ቤታቸው የሚገባ፣ እሳቸው እያዩት እህል የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ዓይኑን ከጣለብህ ይበላሃል ይባል ነበር። አስተማሪያችን ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ቢያስተምረንም፣ እሳቸው በመስኮቱ ሲያልፉ በሶውን ዴስኩ ሥር ሲሸሽግ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አክብራ “እርስዎ” የምትላቸው እናቴ ብቻ ነበረች።

በዚያ ክረምት፣ ፍልሰታ እንደገባ፣ እትዬ ዘነቡ አፈር ተሸክመው ሲመለሱ ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አስሮላቸው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃቸውም። እናቴ ግን ቂጣና ንፍሮ በጨርቅ ቋጥራ በየቀኑ እንዳደርስላቸው እኔን አዘዘችኝ። እንደማልፈልግ ፊቴ ላይ ስታይ፣ “መጽሐፉ ባልንጀራህን ውደድ ሲል ሸክላ ሠሪዋን ትተህ አላለም፤ በእጃቸው ስጪ” አለችኝ።

ቤታቸው ከመንደሩ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ጎጆ ነው። የነሐሴ ጉም ከወንዙ እየተነሳ ካቡን ይውጠውና ጎጆው ያለ ይሁን የሌለ መለየት ያቅት ነበር። የአንገቴን ቋጠሮ ጨብጬ ወረድኩ፤ ካቡ ጋ ስደርስ ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ምግቡን ድንጋዩ ላይ ዘረገፍኩና “እትዬ ዘነቡ፣ ምሳ!” ብዬ ጨርቁን ይዤ ልሮጥ ስል ከውስጥ፣ “ግቢ ልጄ፣ መነሳት አልችልም” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያ ድምፅ ጭራሽ ክንፍ ሆነኝ። እናቴ “በእጃቸው ሰጠሽ?” ስትለኝ “አዎ” አልኩ።

በማግስቱ ቁራዎቹ ካቡ ላይ ሰልፍ ይዘው ጠበቁኝ። እንዳለፈው ቀን አደረግሁ። “እሺ፣ በሩ ላይ እንኳ ጣይልኝ የኔ እናት” አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። ከካቡ እስከ በሩ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሷን አሥር እርምጃ አልሄድኩም። ቤት ገብቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ በመዋሌ ስመሰገን ግን ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ለካ እኔ እየጾምኩ የማስጾመው ሌላ ሰው ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ተጣራሁ። ዝናቡ ድንጋዩ ላይ የትናንቱን የቂጣ ፍርፋሪ ሲያሟሟው ይታየኛል፤ ከጎጆው ድምፅም ጭስም አይወጣም። ገደልኳቸው አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት የቡዳ ፍርሃት አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እንኳን ልገባ፣ ማልቀስ እንኳ ሳልችል ሮጬ ቤት ገባሁና ያን ዕለትም “ሰጠሁ” አልኩ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ “ነይ፣ አብረን እንጠይቃቸው” አለች። ካቡ ጋ ስንደርስ ቆመች። የራሰውን ቂጣ አየች፤ ቁራዎቹን አየች፤ እኔን ግን አላየችኝም። ገባን።

በሕይወት ነበሩ። ራስጌያቸው ባዶ ቅልና የቆሎ ገለባ ነበረ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እናቴ ዝቅ ብላ፣ “ልጄ ምሳዎን ታደርስልዎ ነበር?” ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘነቡ እኔን አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የምፈራውን ዓይን ፊት ለፊት አየሁት፤ ዙሪያው በጭስ የቀላ፣ የደከመ የሴት ዓይን ነበር።

“ምን አጉድላብኝ” አሉ። “በየቀኑ አድርሳልኛለች። እህል እንቢ ያለው የኔው ሆድ ነው።”

እናቴ ቋጠሮውን ፈታች፣ ቂጣውን ቆረሰች፣ በአንድ ሳህን እኩል አቀረበችልንና “በሉ” አለች። እጄ ወደ አንገቴ ቋጠሮ ሄደ። እሳቸው የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንኳ ሳይውጡ እሱን መጨበጤን አዩ፤ ከዚያ የተሰበረ እግራቸውን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ፣ እያቃሰቱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሕፃኗ ሳትፈራ እንድትበላ ብለው ነው። እኔም በላሁ።

ለመስቀል በምርኩዝ መቆም ቻሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ መርሐቤቴ ወሰዷቸው። እዚያው እንዳረፉ የሰማሁት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴም ያን ነገር አንድም ቀን ሳታነሳብኝ አረፈች። ዛሬ ቤቴ ሞልቷል፣ ለነዳይም እመጸውታለሁ፤ ርቦት ሳለ ለሌላ ሰው ፍርሃት ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፤ እኔም እንደዚያ መሆን አልቻልኩም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያቺ ቀን ናት። ጠግቤ ተነስቼ እስክንወጣ ድረስ እትዬ ዘነቡ ግድግዳውን እያዩ ቆዩ፤ መጨረሴን የነገራቸው ሰው አልነበረማ።