ሻዩን ማን ይክፈል

ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። እኔ ታደለ፣ ኤድመንተን የምኖር የለንደን አውቶቡስ ሾፌር። ባለቤቴ ሙሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጃችን ቤዛ። ዶናል የሚባል አይርላንዳዊ ሽማግሌ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ኖራ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስካሁን መሪ እንደጨበጥኩ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ብዙ አልተማርኩም። የማውቀውን ያገኘሁት ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ስለደረሰው የአይርላንድ ረሃብ ካነበብኩ ወዲህ አገሩን ለማየት ስመኝ ኖሬ፣ ቤዛ ትኬት ቆረጠችልን። ከደብሊን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዘን አንዲት ትንሽ ከተማ ገባን። አንድ ድልድይ፣ የፈረሰ ገዳምና መነኮሳት የሠሩት ረጅም ክብ ግንብ አላት። ጉብኝቱን በደቂቃ ከፋፍዬ ጽፌ ነበር። ዝናቡ ግን አላነበበውም። ግንቡ ሥር ወረደብን፣ ድልድዩ ላይ ፀሐይ ወጣ፣ በረሃቡ ያለቁት የተቀበሩበት ሜዳ ስንደርስ ደግሞ ንፋሱ የሙሉን ጃንጥላ ገለበጠው።

«ያመጣኸን ልታጥበን ነው?» አለች ሙሉ።

ሮጠን ኖራ ሻይ ቤት ገባን። ቦታ አልነበረም። ዶናል ኮቱን ሰብስቦ ጠረጴዛውን አጋራን። እኔ ያነበብኩትን ነገርኩት፤ እሱ መጽሐፍ ላይ የሌለውን፣ ከቅድመ አያቶቹ እነማን እዚያ ሜዳ እንደተቀበሩ ነገረኝ። ሻይና ኬክ በላይ በላዩ መጣ።

ሂሳቡ ሲመጣ ሁለታችንም ብድግ አልን።

«እንግዳ አገሬ መጥቶ አይከፍልም» አለ ዶናል።

«ያስቀመጥከን አንተ፣ የምከፍለው እኔ» አልኩት።

ልጄን ከማያውቁት ሰው በነፃ አይበላም ብዬ ነው ያሳደግኋት፤ እፊቷ እንዴት ልሸነፍ? እጄን ያዘኝ። ገንዘቤን ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጠው ቆቡ ሥር ወሸቅሁ። እሱም የራሱን የዝናብ ልብሴ ኮፍያ ውስጥ ከተተ። ሲጨንቀኝ «ልሙት» አልኩት በእንግሊዝኛ። ኖራ ደንግጣ ወንበርና ውኃ አመጣችልኝ።

«አባዬ፣ ባሱ ሊሄድ አምስት ደቂቃ ቀረው» አለች ቤዛ። «ከሄደ ፍላይቱ አለቀለት።»

ስለ ሰዓት ማክበር ስሰብካት የኖርኩት ሰው የዶናልን እጅጌ መልቀቅ አቃተኝ።

«አይሄድም» አለ ዶናል።

«በምን አወቅህ?»

ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። «የምነዳው እኔ ነኛ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሉ ናት።

«እኔም ሾፌር ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ሰዓት ታውቃለህ፤ ልቀቀኝ።»

ኖራ ከቆቡም ከኮፍያዬም ገንዘቡን ሰብስባ፣ ባሕር ላይ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች መርጃ የሚዋጣበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው። «ሻዩ የኔ ነው። አሁን ሁለታችሁም ውጡልኝ» አለች።

ሰባት ደቂቃ ዘግይተን ተነሳን። ከከተማው መውጫ አንዲት ሴት በዝናብ ስትሮጥ ዶናል አየና ቆሞ ጠበቃት። ማንም አላጉረመረመም። አውሮፕላኑም አላመለጠንም።

እኔ ሰዓት ሰዓት ነው እያልኩ ለሃያ ዓመት ስንት ሯጭ ላይ በር ዘግቻለሁ። ሰዓት ማክበር አሁንም ደግ ነው እላለሁ። ግን በሩን ከመዝጋቴ በፊት መስታወቱን አንዴ ደግሜ አያለሁ። ሰው ሲጋብዘኝም አንዳንዴ እሺ ማለት እየተማርኩ ነው።

የሻዩ ዋጋ ሃያ ሦስት ዩሮ ነበር። እኔ ሃያ አምስት ከፈልኩ፣ ዶናል ሃያ አምስት ከፈለ፣ ኖራ ሃያ ሦስቱን ከሰረች። ባጠቃላይ ሰባ ሦስት ዩሮ።