ኮከብ ያደረግኩባቸው ፎቶዎች

ስልኩን ያመጣችልኝ ትልቋ የልጅ ልጄ ናት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ትሠራለች፤ ያኔ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ትንሿ እህቷ አረርቲ አስተማሪ ሆና ከተመደበች ወዲህ ናፍቆቱ እንደበረታብኝ አይታ፣ አንድ እሁድ ከአጠገቤ ተቀመጠችና ፎቶ የሚለጠፍበትን አፕ ከፈተችልኝ።

«ይኸውልሽ እማማ። እሷ የለጠፈችው ሁሉ እዚህ ይመጣልሻል። የእኔም ይመጣል።»

«አንቺን እያየሁሽ አይደል? ፎቶሽን ምን አደርገዋለሁ?» አልኳት።

ሳቀች። ያኔ የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ቢሆንም የተጻፈ ነገር አያመልጠኝም። እሷ ሁለት ነገር አስጠናችኝ። ከፎቶው ሥር ልብ አለ፤ ልቡን ስነካው አይቼዋለሁ ማለት ነው። ከልቡ አጠገብ ኮከብ አለ፤ ኮከቡን የነካሁበት ፎቶ «የወደድኳቸው» በሚል ስም ለብቻው ይቀመጥልኛል፤ በፈለግኩት ጊዜ አገኘዋለሁ።

ልቡን እኩል ነበር የማካፍላቸው። ለትንሿ አንድ ካደረግኩ፣ ትልቋ የለጠፈችውን ፈልጌ እዚያም አንድ ሳላደርግ ስልኩን አላስቀምጥም። ልማዴ ነው። እናታቸው፣ አንድ ለናቷ ልጄ፣ ስትሞትብኝ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሱፍ ፈትዬ ነው ያሳደግኳቸው። ለበዓል ድፎ ሲቆረስ እንኳ ከእንዝርቴ ላይ ክር በጥሼ፣ በክሩ ለክቼ ነበር የምሰጣቸው። ሰፈሩም በዚህ ያውቀኛል። አንዴ የዘይት ሰልፍ ላይ ኮት የለበሰ ሰውዬ ከፊታችን ሊገባ ሲል፣ ክንዱን ይዤ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ወስጄ አቁሜዋለሁ። «እትዬ፣ እቸኩላለሁ እኮ» ይላል። «እኛ የተኛን መሰለህ?» አልኩት። ሰልፈኛው እስኪበቃው ሳቀ።

ኮከቡን ግን ማንም አያየውም ብዬ ነበር። አልጋዬ ሥር እንዳለው ሳጥኔ ነው የቆጠርኩት። የሳጥኔ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ውስጡ ያለውን ለማንም እኩል ላካፍል ቃል አልገባሁም። እና እዚያ ውስጥ የትንሿን ፎቶ ብቻ አስቀመጥኩ። ስትስቅ፣ ከተማሪዎቿ ጋር ስትቆም፣ ፀጉሯን ስትሠራ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሩቅ ስለሆነች ነው የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ትንሿ የእናቷን ፍንጭት ጥርስ ነው የያዘችው። ከፈገግታዋ ውስጥ ልጄ ብቅ ትልብኛለች። ትልቋ በአባቷ ወጥታለች፤ አባትየው ደግሞ ለልጄ ቀብር እንኳ ያልመጣ ሰው ነው። ልጅቱ በዚህ ምን አጠፋች? ምንም። እህቷን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት።

ደግሞ ትልቋ ራሷን አታነሳም። የምትለጥፈው የጠዋት ውርጭ የነጣበትን የባጃጅ መስታወት ነው፤ ጉም ውስጥ መብራቱን አብርቶ የሚመጣውን የፋብሪካ ሰርቪስ ነው፤ እጄን ነው። የሚያምር መሆኑን አያለሁ፤ ልቡን ነክቼ አልፋለሁ።

የተወለድኩት ከአንኮበር ቁልቁል ባለች መንደር ነው። ተድሬ ከወጣሁ ወዲህ ተመልሼ አላየኋትም፤ አሁን ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይችልም። በራችን ላይ የነበረውን የኮሶ ዛፍ ግን ሳላነሳ ያለፍኩት ክረምት የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ትልቋ በእረፍት ቀኗ «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» ብላ በማለዳ ወጣች። ያን ቀን እንዝርቴ ጠፍቶብኝ ቤቱን ስገለብጥ ዋልኩ። ወደ ማታ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና ገባች፤ እኔ ደግሞ ገና በሩን ሳታልፍ ጀመርኳት።

«እንዝርቴን የት አባትሽ ነው ያደረግሽው?»

«ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ ስልክሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ጉም አለ፣ የድንጋይ ካብ አለ፣ ከካቡ ኋላ ኮሶው ቆሟል።

«ውይ! አልቆረጡትም እንዴ!» አልኩ፤ ልቡን ነካሁ።

ከአጠገቤ አልሄደችም። «ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ ምን?»

«ምንም።»

እንዝርቱ በማግስቱ ከቦታው ተገኘ። እኔም አልጠየቅኩም። ያን ዕለት ትንሿ ገበያ መሃል ሸንኮራ ስትግጥ የተነሳችውን ለጥፋ ነበር፤ እሱን ኮከብ አደረግኩበት።

ነገሩ የወጣው ዘንድሮ ነው። ትንሿ ደወለች። ጆሮዬ ስለሚከዳኝ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ትልቋ ከፊት ለፊቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማማ! ምስጢርሽን አገኘሁት!» አለች ትንሿ እየሳቀች።

«የምን ምስጢር?»

«ስምሽን ስነካው የወደድሻቸው ፎቶዎች ወጡ። ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ሁሉም የእኔ! ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየኋቸው። የአያቷ ቅምጥል እያሉ ሲያበሽቁኝ ዋሉ።»

ክፋት የላትም፤ ደስ ብሏት ነው። ትልቋ ቢላዋውን አላቆመችም። «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ወደ ስልኩ ዘንበል ብላ። ትንሿ የእህቷን እዚያ መኖር ያወቀችው ያኔ ነው። ክፍል ልገባ ነው ብላ ወዲያው ዘጋችው።

እኔ ያፈርኩ ጊዜ መጮህ ነው የሚቀናኝ። «ማን ፈቀደላችሁ? የሰው ሳጥን እንዲህ ይከፈታል?»

«ማንም አልከፈተውም እማማ። መጀመሪያውኑ ክፍት ነው። ስምሽን የነካ ሁሉ ያየዋል። ጎረቤትም፣ ፋብሪካ ያሉት ጓደኞቼም።»

«ክፍት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«እኔ አይደለሁ የሠራሁልሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

የላጠችውን ሽንኩርት በአንድ በኩል፣ ልጣጩን በሌላ በኩል ሰበሰበች። እንደ እኔ ናት፤ እጇ ሥራ ካልያዘ አትናገርም።

«ብነግርሽ ትዘጊዋለሽ። እኔ ደግሞ አየው ነበር። ከሥራ ስወጣ ሰርቪስ ውስጥ ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ። ዛሬ ገብቼ ይሆናል እላለሁ።»

ልጣጩን ከፊቷ አንስቼ ልደፋ ወደ ውጭ ወጣሁ። በሰልፍ ላይ፣ በዕድር፣ በሽማግሌ ፊት ሸሽቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እሷ ሥራ ስትወጣ የማውቀውን አደረግኩ። ሠላሳ አንድ ባቄላ ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ከዚያ ትልቋ የለጠፈችውን እየፈለግኩ፣ ኮከብ በነካሁ ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ሌላው ዳር አሻግራለሁ። ዓይኔ እስኪያለቅስ ሠራሁ። ባቄላው ሁሉ ሲሻገር የከበደኝ ነገር የወረደልኝ መሰለኝ።

ማታ ገባች። ባቄላውን አየችው።

«ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼ አየሁት» አለች። «አስተካከልሽ?»

«አስተካከልኩ። ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ።»

«የፈረቃ ፕሮግራማችንንም ወደድሽው?»

«የቱን?»

ስልኬን አንስታ አሳየችኝ። ለሥራ ባልደረቦቿ የለጠፈችው ወረቀት ነው፤ ስምና ሰዓት የተጻፈበት፣ የፋብሪካው ማኅተም ያለበት። እሱም ላይ ኮከብ አድርጌያለሁ። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። የእሷ ቶሎ አለቀ።

«እማማ» አለችኝ፣ ባቄላውን በመዳፏ እየጠረገች ወደ ዕቃው ስትመልስ፣ «ይሄ እኮ ድፎ አይደለም።»

ወር ሳይሞላ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ፋብሪካው አጠገብ ቤት ተከራየች። «ለሌሊት ፈረቃ ይቀርበኛል» አለች። እውነትም ይቀርባታል፤ ግን ለዓመታት ከዚሁ ቤት ነበር ሌሊት ፈረቃ የምትገባው። አትሂጂ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «እንደ ፍጥርጥርሽ» አልኳት። የገዛ ጥፋቴን ይዤ እሷን ተቆጣሁ።

ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጭና ከጨረሰች በኋላ ተመልሳ ገባችና ስልኬን ተቀበለችኝ። አንድ ሁለት ቦታ ነካካች።

«ዘግቼልሻለሁ። ከእንግዲህ የወደድሽውን ካንቺ በቀር ማንም አያይም።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

እሷ ከሄደች በኋላ በባቄላ ያደረግኳቸውን ኮከቦች አንድ በአንድ አነሳሁ። ሐሰት ነበሩ፤ ሐሰት ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ከዚያ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ጊዜ ስለተረፈኝ ፎቶዎቿን እንደገና ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። አሁን ሳልቸኩል፣ እሷ እንዳስተማረችኝ በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ። ውርጩ ላይ በጣት የተሳለ አበባ አለ፤ አላየሁትም ነበር። ጉም ውስጥ በሚመጣው ሰርቪስ መስታወት ላይ የራሷ መልክ በትንሹ አለ፤ እሱንም አላየሁትም።

የአንኮበሩ ጋ ደረስኩ። ኮሶውን አሰፋሁት፤ ካቡን አሰፋሁት። ከካቡ የላይኛው ድንጋይ ላይ እንዝርቴ ተጋድሟል። ክሩ እንደተጠመጠመበት። እኔ መሄድ ባልችል፣ እጄ ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን ነገር ወስዳ በራችን ላይ አስቀምጣልኛለች። ያን ቀን በሩ ላይ የተቀበልኳት በቁጣ ነው።

ኮከቡን ነካሁ። ዝርዝሩ ዝግ ነው፤ አላየችውም። እንዴት እንደሚከፈት ጎረቤት ጠይቄ አውቄያለሁ፤ ግን ብከፍተው እንደ ባቄላው ትቆጥረዋለች ብዬ ተውኩት። በአፌ ልነግራት ወሰንኩ።

ባለፈው እሁድ ሙዝ ይዛ መጣች። እንግዳ እንደሚይዝ። ልትሄድ ስትነሳ፣

«እንዝርቴን አየሁት» አልኳት።

«የቱን እንዝርት?»

«ካቡ ላይ ያለውን።»

ነጠላዋን ልታጣፋ የጀመረችው እጇ ቆመ። «አሁን ነው ያየሽው?»

«አሁን ነው።»

«እማማ፣ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ።

ስልኬን ከፍቼ፣ ኮሶው እንዲታይ አድርጌ፣ በፊቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ነበር። አላነሳችውም። ባጃጁ ውጭ ጥሩንባውን ሲነፋ ወጣች።