ቴስታታዬን ያስፋቅሁ ጊዜ

መኪናዬ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ደብረ ታቦር ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ስትሄድ ምንም አይላትም፤ ዳገት ስታይ ግን ይደክማታል። አንድ ቅዳሜ አማቴን ከአንበሳሜ ገበያ አሳፍሬ ስመለስ፣ ዳገቱ መሃል በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ሳለ ጤፍ የተጫነ አህያ አለፈን። አማቴ አህያውን እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ያ አስተያየት አንጀቴን አቃጠለው።

ሰኞ ጠዋት ቶርኖ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ከብረት ጋር የፈጁ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል።

"ሀጂ፣ ጉልበት እፈልጋለሁ።"

"ለአንተ ነው ለመኪናዋ?"

"ለመኪናዋ።"

ቴስታታውን፣ ማለትም ሞተሩን እንደ ክዳን ከላይ የሚደፍነውን ብረት፣ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ከሥሩ ትንሽ ከተፋቀ አየሩና ቤንዚኑ ይበልጥ ይታመቃል፣ ጉልበት ይጨምራል" አሉ። "ግን እዚህ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን ነው። ከልክ በላይ ካመቅኸው ጊዜውን ሳይጠብቅ በራሱ ይቀጣጠልና ሞተሩ ያንኳኳል። ስለዚህ በጥቂቱ ፍቀን፣ አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሰፋ እናድርገው።"

"ቀዳዳው ይቅርና መፋቁን ይጨምሩልኝ።"

"እምቢ ብልህስ?"

"ሀጂ፣ አህያ እኮ ነው ያለፈኝ!"

ይህን ሲሰሙ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ጨመሩልኝ። "መኪናዋ ማንኳኳት ስትጀምር ግን እኔን እንዳታማኝ" አሉ።

መኪናዋ ሌላ ፍጡር ሆነች። በከተማዋ ዳገቶች ላይ ባጃጅ እየቀደምሁ ሦስት ቀን ተንቀባረርሁ። በአራተኛው ቀን አማቴ ጣራ ገዳም መሳለም እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ሰማሁ።

"እኔ አደርስዎታለሁ!" አልሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ደብረ ታቦር ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እምብዛም አይታመቅም፣ ሞተሩም አላንኳኳም ነበር። ወደ ወረታ ሜዳ ስንወርድ ግን ነዳጅ በረገጥሁ ቁጥር አንድ ሰው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ጠጠር በጣሳ የሚያንቀጫቅጭ መሰለ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አማቴ።

"ጉልበት ነው፣ እማማ።"

ገዳሙ ሥር ደርሰን ቁልፉን ነቀልሁ። ሞተሩ አልጠፋም። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ እያለ እኛንም መኪናዋንም ያንቀጠቅጠናል። ቁልፉን መልሼ ከትቼ ነቀልሁት። ዱክ፣ ዱክ። አማቴ በእጄ የያዝሁትን ቁልፍ አዩ፤ ቀጥለው የሚንቀጠቀጠውን ኮፈን አዩ፤ ከዚያ አማተቡ።

"በስመ አብ! ለክፏታል!"

ወርደው ሮጡ። ኮፈኑን ከፍቼ ስጨነቅ አንድ ጄሪካን ጸበል ተሸክመው ከች አሉ። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ዘልዬ መሃል ገባሁ። ጸበሉ በሙሉ እኔ ላይ አረፈ። ሞተሩም ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ደክሞት ይሁን አፍሮ፣ ጸጥ አለ።

"እልልል!" አሉ አማቴ። "ለካ የተለከፈው እሱ ኖሯል!"

ተሳላሚው ሁሉ ከበበኝ። ውሃው ከአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ ቆሜ ሳለ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተጠግተው በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ቴስታታውን ምን ያህል አስፋቅኸው?" አሉኝ።

በሁለት ጣቶቼ መሃል ክፍተት አድርጌ አሳየኋቸው።

"ከመመንኮሴ በፊት ሹፌር ነበርሁ። ወፍራም ጓርኒሲዮን ከሥሩ አስገባበት፣ መታመቁ ይቀንስና ይረጋጋል። ስትመለስም ቀስ እያልህ ንዳ።"

እንደታዘዝሁት እያዘገምሁ ተመለስሁ። ሀጂ ጉዱን ሲሰሙ ሳቅ አፈናቸውና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በወፍራም ቀየሩት፤ መጀመሪያ እምቢ ያልሁትን ቀዳዳም አሰፉልኝ። አሁን መኪናዋ በዚያው በተራ ቤንዚን፣ ያለ ኳኳታ፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች። ሀጂን ቀድሜ ብሰማቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አማቴ ግን ድፍን ሰፈሩን ነግረውልኛል። በየማኅበሩ ሰው ጎኔ ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሁንስ እንዴት ነህ? ለቀቀህ?" ይለኛል።

"ተመስገን፣ ለቆኛል" እላለሁ። ስለ ቴስታታ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ አልጠቀመኝም።