ያልሸተተኝ ቢራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። በሰው ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አሁን ሳስታውሰው ግን ከማፈሬ ይልቅ ቀድመው ትዝ የሚሉኝ እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ናቸው።

ሥራዬ ቢራ መቅመስ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል። በአንድ ቢራ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ፣ ረፋድ ላይ ናሙና ይቀርብልኛል፤ አሽትቼ፣ ቀምሼ፣ ይውጣ ወይም ይቆይ እላለሁ። እናቴ ለጎረቤቶቻችን «ላብራቶሪ ነው የምትሠራው» ትላለች። አልዋሸችም፤ ቢራ የሚለውን ቃል ግን አታነሳም። ሰው የማያውቀው ነገር፣ ቀማሽ የሚሠራው በምላሱ ሳይሆን በአፍንጫው መሆኑን ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከባድ ጉንፋን ያዘኝና ተሻለኝ። አንድ ቅዳሜ የካ አባዶ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ ከጎረቤት የተመለሰችው እናቴ በሩን ከፍታ ጮኸች። ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ አርሮ ድስቱ ጠቁሯል። የወጥ ቤቱ በር ስለተዘጋ ጭሱን አላየሁትም።

«አንቺ ልጅ፣ አይሸትሽም እንዴ?» አለችኝ።

አልሸተተኝም። ተነስቼ የበርበሬውን ዕቃ ከፈትኩ፤ ምንም። ሽንኩርት ከትፌ አሸተትኩ፤ ዓይኔ አለቀሰ እንጂ አፍንጫዬ ዝም አለ። በረኪናው ላይ ስደርስ እናቴ ከእጄ ቀማችኝ።

ሐኪሙ ጊዜ ስጪው አለኝ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። አለቃዬ ኤልያስ ስነግረው ደግ ሆነልኝ፤ ለጊዜው ከቅምሻ አውጥቶ የላብራቶሪ መለኪያ መሣሪያ ላይ አስቀመጠኝ። ግን «ብዙ ከቆየ ሌላ ሰው ማሰልጠኔ አይቀርም» ማለቱ አልቀረም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ማታ ማታ ትራሴን እያሸተትኩ እተኛ ነበር።

ከመታመሜ በፊት የገባነው አንድ ቃል ነበር። ቦሌ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር የተከፈተ ምግብ ቤት ከውጭ የመጡ ቢራዎች መሸጥ ሊጀምር ነው። ለአስተናጋጆቹና ለደንበኞቹ የጀርመን፣ የቼክና የአሜሪካን ፒልስነር የሚባለውን ነጣ ያለ ቢራ እያቀመሰ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰው ፈልጎ ነበር።

«ሌላ ሰው የለኝም» አለኝ ኤልያስ። «እነዚህን ቢራዎች በቃልሽ ታውቂያቸዋለሽ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም መሄድ ፈልጌ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንደ ድሮዬ ልሁን አልኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ቤቱ ከፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው፤ የጥቅምት ፀሐይ እስከ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ቢራዎቹ ለአላፊ አግዳሚ እንዲታዩ በመስታወቱ ሥር ተደርድረዋል። የጀርመኑ ቡናማ ጠርሙስ፣ የቼኩ አረንጓዴ፣ የአሜሪካኑ ጣሳ። ሰዉ ተሰብስቧል። ፊት ለፊቴ ሸበቶ፣ ሹራብ የለበሱ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

በታሪኩ ጀመርኩ። ፒልስነር ስሙን ያገኘው ከአንድ የቼክ ከተማ ነው። ጀርመኖች ወሰዱትና ቀለሙን ይበልጥ አፈዘዙት፣ ምሬቱንም ደረቅ አደረጉት። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጠማቂዎች ደግሞ እዚያ የተትረፈረፈውን በቆሎና ሩዝ ከገብሱ ብቅል ጋር ቀላቅለው አቀለሉት። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። የጀርመኑን ቀድቼ አቀመስኩ፤ በሰላም አለፈ።

ከዚያ የቼኩን ቀዳሁ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እዚህ ላይ ሽታውን ልብ በሉልኝ» አልኩ። «ሆፕስን የፈረንጅ ጌሾ በሉት። የቼኩ ለስላሳ ነው። አዲስ የታጨደ ሳር፣ ትንሽ አበባ፣ ከሥሩ ደግሞ የትኩስ ዳቦ ሽታ አለው።»

ዓይኔን ስገልጥ የሰዉ ፊት ተለዋውጧል። አንዱ ብርጭቆውን ከራሱ አርቆ ይዟል። ራሔል የምትባለው የባሩ ሠራተኛ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል።

«ይቅርታ እህቴ» አለች። «እኔን የሚሸተኝ ግን የተቃጠለ ፀጉር ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ወዲያው ገባኝ። አረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ አይከላከልም፤ ብርሃን የመታው ቢራ ደግሞ ሽታው ይበላሻል። ይህ ማንም ቀማሽ ሥራ ሲጀምር የሚማረው ነገር ነው። ጠርሙሱን መስታወቱ ሥር አይቼዋለሁ። አፍንጫዬ ቢሠራ ኖሮ ክዳኑ ሲከፈት በነቃሁ ነበር።

ልፈትናችሁ ብዬ ነው የሚል ውሸት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አዛውንቱን አየኋቸው። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው፣ በሽተኛ እንደሚያይ ሰው ያዩኛል።

«ጠርሙሱን ፀሐይ መትቶታል» አልኩ። «ከእናንተ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከጉንፋን ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም። ቅድም ያልኳችሁን በቃሌ ነው ያልኩት።»

ሳቁ ቆመ። ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ነዘሩ። ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ቦርሳዬን ይዤ መውጣት ነው የፈለግኩት።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?» አሉ አዛውንቱ። «ገና መች ቀመስንና ነው?»

ጋሽ ታምሩ ይባላሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ቼክ አገር የቢራ ጠመቃ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠማቂ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው መሆናቸውን የነገረችኝ በኋላ እሷ ናት።

«ምላስሽ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይሠራል።»

«እንግዲያው በምላስሽ ንገሪን። ሽታውን እኛ እንነግርሻለን።»

ራሔል ከመጋዘን፣ ከካርቶን ውስጥ፣ ፀሐይ ያላየ የቼክ ቢራ አመጣች። ሦስቱንም እንደገና ቀዳን።

ቢራ ያለ ሽታ እንደዚያ ቀን በትኩረት ቀምሼ አላውቅም ነበር። የጀርመኑ ምሬት ቶሎ ይመጣል፤ ከዋጥከው በኋላም ምላስህ ሥር ይቀራል፤ አፍ ያደርቅና ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። የቼኩ ምሬት ከዚያ አያንስም፤ ግን ከሥሩ የብቅል ጣፋጭነት ስላለ ምሬቱን አቅፎ ይይዘዋል። ከበድ ይላል፣ አረፋው ከንፈር ላይ ይቆያል። የአሜሪካኑ በቅዝቃዜና በጋዙ ይወጋል፣ ከዚያ ሳትይዘው ይሄዳል።

«እሱማ ውሃ ነው» አለ አንድ ሰው።

«ውሃ አይደለም» አልኩት። «እንዲህ ቀላል ቢራ መጥመቅ ይከብዳል። ትንሽ ስህተት ከተሠራ የሚደበቅበት የለውም።»

ጋሽ ታምሩ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰዉ ደግሞ ሽታውን ይነግረኝ ጀመር። የጀርመኑ አንዱን ጤና አዳም ሸተተው። ራሔል ለአዲሱ የቼክ ቢራ «ካፊያ የነካው ድርቆሽ» አለች። የአሜሪካኑን «የተቀቀለ የበቆሎ እሸት» ያሉት ብዙ ናቸው። እኔ አበባና ሳር የሚሉትን ቃላት የተማርኩት ከማሰልጠኛ ወረቀት ነበር። የእነሱ ግን ከየቤታቸው የመጣ ነው። በየተራ ሲናገሩ የናፈቀኝን ነገር ሁሉ በጆሮዬ የምሰማው መሰለኝ። የመጣሁበትን ፍርሃት ረስቼ መጠየቅ፣ መልሼ መቅመስ፣ መከራከር ያዝኩ።

ስንጨርስ ጋሽ ታምሩ በር ላይ ጠበቁኝ።

«እኔንም ጉንፋን ነው የነጠቀኝ» አሉ። «ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ተመለሰልዎት?»

«ተመለሰ።»

በየጠዋቱ እነዚያኑ ነገሮች እንዳሸት መከሩኝ፤ ሎሚ፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ብቅል። «ባይሸትሽም አሽትቺ። ሽታው ምን እንደነበር እያስታወስሽ። ሲመለስልሽ ደውዪልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ‹ከተመለሰልሽ› አላሉም።

እናቴ አራቱን በአራት ሲኒ አድርጋ መስኮቱ ላይ ደረደረችልኝ። በየጠዋቱ ከኋላዬ ቆማ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬም የለም» እላታለሁ። ኅዳር እንዲህ አለፈ፣ ታኅሣሥም። ኤልያስ አዲስ ሰው ማሰልጠን ጀመረ። እኔም ሲኒዎቹን ለእናቴ ስል ብቻ ወደ ማንሳት ደርሼ ነበር።

ጥር ላይ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመናል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከፌስታላቸው ብርቱካን አውጥተው መላጥ ጀመሩ። ድንገት አንድ ነገር አፍንጫዬን እንደ መርፌ ወጋኝ።

«እትዬ፣ ብርቱካን ነው?» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ ያለውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ምን መሰለሽ ታዲያ?»

ማልቀስ ስጀምር ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» እያሉ ግማሹን ብርቱካን እጄ ላይ አደረጉልኝ። በለቅሶና በሳቅ መሃል ነገርኳቸው። ከዚያ እዚያው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጋሽ ታምሩ ጋ ደወልኩ።

«ምን ሸተተሽ?» አሉ ገና ድምፄን ሲሰሙ።

«ብርቱካን!»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ፣ ይሰማል?» አልኩ።

«ይሰማል» አሉ። «እኔ ብርቱካን እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ብዙ ነገር ተመልሷል፣ እሱ ግን ቀረ። እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው?»

ቢራ ቢሆን ቃል አላጣም ነበር። መጀመሪያ ይወጋል አልኳቸው። ከዚያ ዓይን ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ከዚያ ይጣፍጣል፣ ግን ጣፋጩ ቀዝቃዛ ነው። «እ... እ...» ይላሉ እሳቸው። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ክንዴን ነካ አድርገው «ልጣጩን ሲጫኑት ነው የሚወጣው በያቸው» አሉኝ። አልኳቸው። ጋሽ ታምሩ ቀስ ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ቅምሻው ተመልሻለሁ። ሁሉም አልተመለሰልኝም፤ የፓስታ ሶስ እስካሁን የዛገ ብረት ይሸተኛል። ኤልያስ አዳዲስ ሠራተኞችን እንዳሰለጥን ሲሰጠኝ ሽታውን አስቀድሜ አልነግራቸውም። ምን እንደሸተታቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ እስኪጨርሱም ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ብዙ ጊዜ የማስበው ግን ጋሽ ታምሩ በር ላይ ያሉኝን አንድ ቃል ነው። «ተመለሰ» ብቻ ነው ያሉኝ። የቀረውን አልነገሩኝም። ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያን ሲኒዎች እስከ ጥር ድረስ በየጠዋቱ አነሳ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።