ተመላላሹ ይሂድ

ቁልፍ በብረት በር ላይ ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ መጀመሪያ የሚሰማኝ ቅናት ነው። ናፍቆት አላልኩም፤ ቅናት። ጆሀንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደሳለኝ የግቢያችንን በር በቁልፋቸው ኳ ኳ ሲያደርጉ፣ አባዬ የያዘውን ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ ጥሎ ይወጣ ነበር።

ኮሮና የገባበት ዓመት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። መጋቢት ላይ አገሩ ሁሉ ሲዘጋ መሀል ከተማ ጄፒ ያለው የአባዬ የመጋረጃ ሱቅም ተዘጋና፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቤት የሚውል አባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ካርታ እንጫወታለን፣ ሒሳብ ያስጠናኛል ብዬ ስጓጓ፣ እሱና ጋሽ ደሳለኝ የሚደግፉት የእግር ኳስ ክለብ ተጫዋች መጥቶ አባቴን ነጠቀኝ። ታቦ የሚባል ቀኝ ተመላላሽ ነበር። ጨዋታው ተቋርጦ፣ ስታዲየሙ ተዘግቶ፣ የልጁ ውል ግን በብርዱ ወራት ሊያልቅ ስለሆነ፣ ክለቡ ውሉን ያድስለት ወይስ ለኬፕታውን ሰዎች ይሽጠው የሚለው ክርክር የሁለቱ የቀን ሥራ ሆኖ አረፈው።

አንዱ ከአጥሩ ወዲህ፣ አንዱ ከአጥሩ ወዲያ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ይጨቃጨቁ ነበር። አባዬ ከምባታ፣ ጋሽ ደሳለኝ ሀዲያ ስለሆኑ ጭቅጭቁ በአማርኛ ነው፤ ጆሀንስበርግ ተወልጄ ያደግሁት እኔም አብዛኛውን አማርኛዬን የለቀምኩት ከዚያ አጥር ሥር ነው። ተመላላሽ ማለት እኔ ዘንድ ታቦ ማለት ነበር፤ ሌላ ትርጉም እንዳለው የነገረኝ ሰው የለም።

«ይሸጥ» ይሉ ነበር ጋሽ ደሳለኝ። «ሲያጠቃ ሸጋ ነው፣ መመለሱን ግን ይረሳዋል። የማይመለስ ተመላላሽ ምን ያደርግልናል?»

«ልጄን አትንኩብኝ» ይል ነበር አባዬ።

ልጄን። ያቺ ቃል የእኔ ነበረች። ከትምህርት ቤት በስልክ የተላከልንን የሒሳብ ፈተና አንድም ሳልስት ሠርቼ ሳሳየው «ጎበዝ» ብሎ መለሰልኝና፣ ታቦ ጓሮው ውስጥ ኳስ ሲያነጥብ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየ። እማዬ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያለች ትተርበው ነበር፤ ለእኔ ግን ተረብ አልበቃኝም። ልጁ እንዲሸጥ ጸለይኩ። እውነቴን ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በስልክ በሚያደርገው ጸሎት ሁሉም ለታመሙት ሲጸልይ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ታቦን ኬፕታውን ውሰድልኝ እያልኩ እለምን ነበር።

ብርዱ ገባ። የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ነው፣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ጸሎቴ መልስ ሲያጣ እኔም ዘዴ ለወጥኩ፤ የታቦን ስህተት ከድሮ ጨዋታዎች እየለቀምኩ ደብተር ላይ ጻፍኩና፣ አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆሜ ከጋሽ ደሳለኝ ጎን ተሰለፍኩ። አባዬ ወንበሩን አዙሮ አየኝ። ሁሉንም ዘርዝሬ እስክጨርስ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝና፣ «ይቺ ልጅ እኮ ከእርስዎ ትሻላለች» አላቸው። ያቺን እይታ እንደገና ለማግኘት ታቦን አሥር ጊዜ እሸጠው ነበር።

ሐምሌ ላይ አባዬ ማሳል ጀመረ። ለእኔ ጉንፋን ነው ተባለ፤ መኝታ ቤቱ ተዘጋ፣ ምግቡ በር ላይ ይቀመጥለት ጀመር፣ በየሁለት ቀኑም እማዬ ክሊኒክ ወስዳው ይመለሱ ነበር። እማዬ አገር ቤት ሳለች ነርስ ነበረች። አንድ ከሰዓት ወጥ ቤት ሆና ከቤተ ክርስቲያናችን ሐኪም ጋር በስልክ ስታወራ ከኮሪደሩ ሰማኋት። «ተመላላሽነቱ ይብቃ ዶክተር፣ ከእንግዲህ አይሆንም። ዛሬውኑ ይሂድ።»

ጸሎቴ ተሰማ አልኩ። እማዬ ስለ ታቦ ለሐኪም ለምን ታወራለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ በዚያ ሰሞን ስለ ታቦ የማያወራ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ የመኝታ ቤቱን በር ደበደብኩና «አባዬ፣ ተመላላሽህ ሄደ፤ ተሸጠ» አልኩት። ድምፄ ውስጥ በነበረው ደስታ ዛሬም አፍራለሁ። ሳለና «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። «በጆሮዬ ሰማሁ» አልኩት። «በቃ፣ መልካም ይግጠመው» አለ።

አምቡላንሱ ወስዶት ከሄደ በኋላ እማዬን «ግን ታቦን ለማን ሸጡት?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ተመላላሽ ማለት ቤቱ እያደረ የሚታከም በሽተኛም ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። በአራተኛው ቀን አባዬ ደወለ፤ ለእኛ አይደለም፣ ለጋሽ ደሳለኝ። የእማዬ መስመር ተይዞበት ነው ብለው አጽናንተውኛል፤ ይሁን። አጥሩ ሥር ቆመው «ኧረ አልተሸጠም፣ ትናንት ውሉን አድሷል» ሲሉት ሰማኋቸው። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና፣ «አላምንም አለኝ» አሉ። «‹ልጄ አትዋሽም፤ ሄደ ካለች ሄዷል› አለኝ።» መልሰው እንዲደውሉለት ለመንኳቸው። ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። በማግስቱ አባዬ ዐረፈ።

የመንገዳችን ጃካራንዳ ሲያብብ አዲሱ የውድድር ዘመን ተጀመረ፣ ታቦም ተሰለፈ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍታልኝ ነበር፤ ተነሥቼ አጠፋሁት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ታቦም ጫማውን ሰቅሏል። ያኔ አባቴን ወሰደብኝ ብዬ የምቀናበት ልጅ፣ አባቴ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር፤ በእሱ መቅናቱን ከተውኩ ቆየሁ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ሰው ብቻ ነው የቀየረው። እሁድ እሁድ ጋሽ ደሳለኝን ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው ይስሙኛል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፣ እኔም በአክብሮት እመልስላቸዋለሁ። ዓይኔ ግን ጆሯቸው ላይ ነው። አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ «ልጄ» ሲለኝ የሰማው የእሳቸው ጆሮ ነው።