እማዋይሽ ምራቷን ያልሳመችበት ምክንያት

እማዋይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረግ የጀመረችው ልጇ ከማግባቱ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ጎረቤቷ ስለሆንሁ፣ በሩዝ መፈልፈያው ግቢም ጎን ለጎን ተቀምጠን ከሩዙ ጠጠር ስለምንለቅም፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አይቼዋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከቁሐር ሚካኤል ወደ ወረታ የመጣች ሰሞን ሣቋ ከመፈልፈያው ሞተር ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር። ድዷ በልጅነቷ የተወቀረ ነው፤ ጥቁር ድድ፣ ነጭ ጥርስ። ስትስቅ እኛም ምን እንዳሳቃት ሳናውቅ እንስቅ ነበር።

እያደር ግን አፏን ሳትሸፍን አትስቅም ሆነች። ቀጥላ ሰው መሳም ተወች። መንገድ ላይ ስታገኙአት ትከሻዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ ታልፋለች። በእኛ አገር ደግሞ ጉንጭ አገላብጦ የማይስም ሰው ወይ ኮርቷል ወይ ቂም ይዟል። «እማዋይሽ እኮ ከተማ ገብታ ኮራች» አሏት።

ኩራት አልነበረም። ጥርሷ ተቦርቡሮ አፏ ይሸት ነበር። ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ ሲመጣ አውቀዋለሁ። እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ሩዜን እለቅማለሁ፤ ማወቄን የደረሰችበት ዕለት ከጎኔ ተነሥታ ሌላ ቦታ እንደምትቀመጥ ይገባኝ ነበርና።

የሚገርመው፣ ጥርሷን ሳትፍቅ የምትውልበት ቀን የለም። የወይራ መፋቂያዋን ይዛ የፊት ለፊቱን እስኪያበራ ትፍቀዋለች። ቆሎ ወይም ሥጋ በጥርሷ መካከል ሲገባባት በመርፌ ቁልፍ ትጎረጉረዋለች፤ ሲደማ «ትሉ ነው» ትላለች። ጥርስን ትል ይበላዋል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንድ ጊዜ ትል አወጣለሁ ከሚል ሰው ዘንድ ሄዳ፣ አፏን በጭስ ታጥና፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ሌላ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ ሰነበተች። ለሰው የነገረችው ጉልበቴን አመመኝ ብላ ነበር። ፍል ውኃውን በአፏ እየያዘች ስትተፋ ሰንብታ፣ ሰው እንዳይጠረጥራት እያነከሰች ተመለሰች።

«እንዴ፣ ስትሄጂ ደኅና አልነበርሽም ወይ? ፍል ውኃው ነው ያሽመደመደሽ?» አልኋት።

«ዝም በይ እቴ!» አለችኝ፣ ነጠላዋን እየሳበች።

ከዚያ ልጇ ክንዴ ከአንበሳሜ ፀገነትን አገባ። ሙሽራይቱ ስትመጣ አማት በር ላይ ተቀብላ አገላብጣ መሳም አለባት። እማዋይሽ ግን የልጅቱን ራስ በሻሿ ላይ ሳመችና እጇን ይዛ አስገባቻት። አጅበዋት የመጡት ዘመዶቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ልጅቱ ጨዋ ናት። ጠዋት ተነሥታ ልትስማት ጎንበስ ስትል አማቷ ፊቷን ታዞራለች፤ ጉርሻ ስትዘረጋላት በእጇ ትቀበላታለች። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣችና «እማማ፣ ምን በድያቸው ነው?» ብላ አለቀሰች። ምስጢሩ የእኔ ስላልነበረ «ታገሽ ልጄ» ብዬ ሸኘኋት።

ክንዴ ነገሩ ሲብስበት ሽማግሌ ሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አያ ካሴ በመካከል ተቀመጡ። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ በሩ አጠገብ ነበርሁ።

«ምራትሽ ምን አደረገችሽ?» አሉ አያ ካሴ።

«ምንም።»

«ምንም ሳታደርግሽ ፊት አትነሻትም። ሽማግሌ ተቀምጦ ቀልድ የለም፤ ተናገሪ!»

እማዋይሽ ልጇን አየችው። ሽማግሌዎቹን አየች። እኔንም አየችኝ። «አፌ ይሸታል» ማለት ብቻ ነበር የሚቀራት። አልቻለችም።

«ገጠሬ ብላኛለች» አለች መሬት መሬት እያየች።

ፀገነት «እኔ?» አለችና የባሏን ፊት አየች። ከዚያ ተነሥታ አማቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። «ካስቀየምሁዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«አንሥተሽ ሳሚያት እንጂ!» አሉ አያ ካሴ።

ልታነሣት ስትል ነጠላዋ ወደቀ። ልጅቱ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ድንገትም ቆም አለች። እኔ በዓይኔ አየሁ፣ በዚያች ቅጽበት ገባት። ከዚያ ሌላውን ጉንጭ ሳመቻት። ለማንም ምንም አልተናገረችም።

ወሬው ግን አንበሳሜ ደረሰ። የፀገነት አባት አቶ ገበያው ስልክ ደውለው «አማቷን የሰደበች ልጅ ለፋሲካ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉ። እማዋይሽ ይህን በሰማች ጊዜ እህል አልወርድላት አለ። እውነቱን ካልተናገረች ልጅቱ ከአባቷ ቤት መቅረቷ ነው።

በማግሥቱ ሩዝ ስንለቅም ፀገነት መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። «እማማ፣ እስቲ እዚህ ይዩ» ብላ አፏን ለእማዋይሽ ከፈተች። ከኋላ ጥርሶቿ መካከል የተሞላ ቦታ አለ። «ባሕር ዳር ስማር ነው ያስሞላሁት። እኔም አፌን ይዤ ነበር የምስቀው።»

የእማዋይሽ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «አወቅሽብኝ?»

«የዕርቁ ዕለት።»

«ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሽም?»

«የእርስዎን ገመና እኔ እንዴት አወጣለሁ?»

እማዋይሽ ሰፌዱን አስቀምጣ ፊቷን ሸፈነች።

ፀገነት ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልሁ። ሐኪሟ አንዱን ጥርስ ነቀለች፣ የሚተርፉትን ሞላች። «እናቴ፣ ትል አይደለም» አለቻት። «መፋቂያው የጥርሱን ፊት ያጸዳል እንጂ ሁለቱ ጥርሶች የተነካኩበት ቦታ አይገባም። የሚቦረቡረው እዚያ የሚቀረው ምግብ ነው።» ከትንሽ ሳጥን ቀጭን ክር ስባ በጣቶቿ ጠመጠመች፤ በጥርሶቹ መካከል በቀስታ አስገብታ መጀመሪያ የአንዱን ጎን፣ ከዚያ የሌላውን ጎን ከድዱ ሥር ጀምራ ጠረገች። «ድዱን እንደ መጋዝ አይገዝግዙት። ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ያድርጉት። መርፌ ቁልፉን ግን ይጣሉት።»

መጀመሪያ ሰሞን ደማባትና ልትተወው ነበር። ምራቷ ግን በየማታው ከጎኗ ቆማ የራሷን ጥርስ አብራ ታጸዳለች። እየዋለ እያደረ መድማቱ ቆመ፤ ነፋሱ ወደ እኔ ሲመጣም የሚሸተኝ ሩዙ ብቻ ሆነ። እማዋይሽ ግን ልጅቱን አሁንም አትስማትም።

«አሁንስ ምን ቀረሽ?» አልኋት።

«በየትኛው አፌ? ገጠሬ ብላኛለች ባልሁበት?»

ፋሲካ ሲቃረብ «አንበሳሜ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። እዚያ ደርሰን ቤት ስንገባ አቶ ገበያው ሊስሟት ከመቀመጫቸው ሲነሡ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«አይሳሙኝ፤ መጀመሪያ ይስሙኝ። ልጅዎ አልሰደበችኝም። ጥርሴ ተበልቶ አፌ ይሸት ነበር። እሱን ማውጣት አፍሬ በልጅቱ ላይ ዋሸሁ።»

ሚስታቸው አምሳል ከጓዳው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ለጥርስ?» አሉ አቶ ገበያው። «ለጥርስ ብለው ልጄን ከደጄ አስቀሩብኝ? ለሽማግሌዎቹስ ማን ይንገራቸው?»

«ዛሬ ጠዋት ለአያ ካሴ ነግሬ ነው የመጣሁት።»

«ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

አቶ ገበያው ሳይስሟት ስልካቸውን አነሡና ወደ ግቢው ወጡ። «ፀገነት… አባትሽ ነኝ… ለበዓሉ ነይ» ሲሉ ሰማን።

ስንወጣ አምሳል እስከ አጥሩ ሸኙን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ እማዋይሽ ጠጋ አሉ። «ያ ያዳነሽ መድኃኒት… ምንድን ነው?» እማዋይሽ መቀነቷን ፈትታ የራሷን ክር ሰጠቻቸው፤ በጥርስ መካከል እንዴት እንደሚያስገቡትም በጣቷ አሳየቻቸው። ሁለቱም ግን አይተያዩም።

ወረታ ስንደርስ ፀገነት በሩ ላይ ነበረች። «ደወለልኝ! አባባ ደወለልኝ!» ብላ እየሮጠች መጣች። የእማዋይሽ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ሳይደርስ ተመለሰ። ልጅቱን አቀፈቻትና በሁለቱም ጉንጯ አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ፊቷን በልጅቱ ትከሻ ላይ ደብቃ ቆየች፤ «ቀና ይበሉ እንጂ እማማ» ብትላትም ቀና አላለችም።